ምስማሩ ላይ የቀረችው ቁጥር

ከግሽ አባይ በተሳፈርሁበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንድ ወጣትና አንዲት እናት ተቀምጠው ያወራሉ።

«ሆስፒታል ማን ተኝቶብህ ነው፣ ልጄ?»

«የሥራ ጓደኛዬ ነው፣ እማማ። የድንጋይ ከሰል የምንቆፍርበት ዋሻ ተደርምሶበት ነው።»

«እግዜር ይማረው። ቶሎ አወጡት?»

«ዘገዩ። እኛ ዋሻው ስንገባ ቁጥራችን የተጻፈባትን ቆርቆሮ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ እንሰቅላለን፤ ስንወጣ እናነሳለን። ሲደረመስ ያልተነሳውን አይተው ነው የሚቆፍሩት።»

«ደግ ዘዴ ነው።»

«የዚያን ቀን ሁሉም ወጥተው የእኔ ቆርቆሮ ብቻ ቀረች።»

«ውስጥ ነበርህ እንዴ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ። ሚካኤልን አልሽርም፤ ጓደኛዬ በእኔ ፈንታ፣ በእኔ ቁጥር ገባልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሰምቼ እየሮጥሁ ደረስሁ። ሲያዩኝ አቀፉኝ። ‹ይኸው ደህና ነው፤ እንግዲህ ውስጥ ሰው የለም› ብለው አካፋቸውን አስቀመጡ።»

«ጓደኛህ ውስጥ እንዳለ ወዲያው አልነገርሃቸውም?»

«ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁ።»

«እ?»

«ሁለታችንም ከሥራ እንባረራለን ብዬ ፈራሁ። ብርጭቆዋን ጨርሼ ነው የነገርኋቸው።»

«እሱ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም። ቶሎ የደረስሁለት ይመስለዋል። ዛሬ ልነግረው ነው የምሄድ።»

«እኔም እዚያው ነው የምወርድ። አብረን እንገባለን።»

ጠዋት ቢሮ ላልገባችው ጓደኛዬ የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ በስሟ የፈረምሁላት ፊርማ ትዝ አለኝ።