ሼድሊ መሐላውን ያፈረሰበት እሑድ

ሼድሊ ከስፋክስ ከተማ ወደ ከርከና ደሴት በሚሻገረው መርከብ የተሳፈረው የመረብ ገመድ ገዝቶ ሲመለስ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ እሑድ ደግሞ የፕሬዚዳንት ምርጫው ሁለተኛ ዙር። ዕድሜው ስድሳ ሰባት ነው፤ አርባ አምስቱን ዓመት ያሳለፈው ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ የተምር ዝንጣፊ እየተከለ፣ በዝንጣፊው አጥር ዓሣ እያጠመደ ነው። ያን ቀን የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ምርጫ የማያወራ ሰው አጠገብ መቀመጥ።

አልተሳካለትም። መርከቡ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። በመጨረሻ አንዲት ሴት ዘንቢሏን አንሥታ ቦታ ለቀቀችለት። አመስግኖ ከተቀመጠ በኋላ ቀና ብሎ ቢያያት የወንድሙ የታይብ ልጅ ራውዳ ናት፤ የአታያ መንደር መምህርት። ከወንድሙ ጋር ቃል ከተለዋወጠ አራት ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህም ከእሷ ጋር። ልነሣ ወይስ ልቀመጥ እያለ ሲያመነታ መርከቡ ተንቀሳቀሰ።

«እንደምን ዋሉ፣ አሚ ሼድሊ?» አለችው፣ የአባቷን ወንድም በልጅነቷ እንደምትጠራው።

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

«እኔ እኮ ከእርስዎ በፊት ነው የተሳፈርኩት! አባቴ ልኮኝ ከሆነ፣ በየትኛው መርከብ እንደሚመጡ ጠንቋይ ጠይቋል ማለት ነው።»

ሼድሊ ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን ዋጥ አደረገው።

የሁለቱ ወንድማማቾች ጠብ የመሬት ወይም የውርስ ጠብ አልነበረም። አብዮቱ ፓርቲ የመምረጥ ነፃነት ሲያመጣ ሼድሊ የፋኖስ ፓርቲን፣ ታይብ የስንዴ ዛላውን ፓርቲ ተከተሉ። መጀመሪያ በቀልድ ይሸነቋቆጡ ነበር። ቀልዱ ስድብ ሆነ፤ ስድቡ ኩርፊያ ወለደ። እናታቸው ስትሞት ሁለቱ ልጆቿ በሁለት ቤት ለቅሶ ተቀመጡ፤ ጎረቤትም በየትኛው በር ገብቶ እንደሚያጽናና ግራ ገባው። ፓርቲ የተፈጠረው ሰዎች አገር እንዴት እንደሚተዳደር እንዲከራከሩበት እንጂ ለቅሶ ቤት እንዲከፍሉበት አልነበረም። ይህን ግን ያን ጊዜ ለሼድሊ የሚነግረው አልነበረም፤ ቢነግሩትም አይሰማም።

«እሑድ ይመጣሉ?» አለች ራውዳ።

«የት?»

«ትምህርት ቤቱ፤ ድምፅ ሊሰጡ።»

«አልሰማሽም እንዴ? ምያለሁ! ቡና ቤቱ ውስጥ፣ በሃያ ሰው ፊት፣ ወላሂ ብዬ። ሁለተኛ እግሬ የምርጫ ጣቢያ አይረግጥም።»

«መማልዎትንስ ሰምቻለሁ። ምክንያቱን ግን ከእርስዎ አፍ አልሰማሁም።»

ሼድሊ ይህን የጠየቀው ሰው ስላልነበረ የታመቀው ሁሉ ገነፈለ።

«ምክንያቱን ነው የምትፈልጊው? የመጀመሪያው ዕጩ መጣ። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ እኔ አጥር ውስጥ ገባ። ዓሣዬን አቅፎ ፎቶ ተነሣ። ‹የባሕሩን ወለል የሚጠርጉትን መርከቦች አስቆማለሁ› አለ፤ መረጥኩት። ሁለተኛው ሱሪውን እንኳ አልሰበሰበም፤ ከመኪና መስኮት ነው ቃል የገባልን። እሱንም መረጥኩት፤ የኛ ፓርቲ ነዋ! ባለፈው ወር ጠራጊዎቹ በጠራራ ፀሐይ መጥተው መቶ ሃምሳ ሜትር አጥሬን ጎትተውት ሄዱ። ብደውል ‹ፋይል እንከፍታለን› አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«እውነትዎን ነው» አለች።

ሼድሊ ክርክር ጠብቆ ነበርና ደነገጠ። «እውነቴን ከሆነ ታዲያ ምን ታደርቂኛለሽ?»

«መናደድዎ ልክ ነው፣ አሚ። ንዴትዎን ያስቀመጡበት ቦታ ነው ልክ ያልሆነው። ቡና ቤት አስቀመጡት። ቡና ቤት ውስጥ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።»

«ሳጥን ውስጥስ ቢቆጠር ምን ሊፈይድ?»

«እኔ በመጀመሪያው ዙር ታዛቢ ስለነበርኩ ቆጠራውን አይቻለሁ። በኛ ጣቢያ የተመዘገበው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰው ነው። የመጣው ሦስት መቶ ሰማንያ። ሲ ሙንሲፍ በመኪና እያመላለሰ የሚያስመርጣቸው ደግሞ ሁለት መቶ ናቸው። ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ላይ ሁለት መቶ ምን አላት? ከሦስት መቶ ሰማንያው ላይ ግን ከግማሽ ትበልጣለች። መንደሩን ለሲ ሙንሲፍ ያስረከበው ማነው? እሱን የመረጠው አይደለም፤ ተናዶ ቤቱ የተኛው ነው።»

ሲ ሙንሲፍ፣ አቶ ሙንሲፍ ማለት ነው፣ የፋኖስ ፓርቲ የደሴቲቱ ሹም ነው፤ የሼድሊ የራሱ ሰው። ሼድሊ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ።

«ገባኝ። እንግዲህ የአባትሽን ፓርቲ ዕጩ፣ ያንን ዳኛ፣ ምረጥ ልትይኝ ነው።»

«አልወጣኝም።»

«አንቺስ ማንን ትመርጫለሽ?»

«አልነግርዎትም።»

«ለአጎትሽ?»

«ለአባቴም አልነገርኩት። ይኸው ሁለት ሳምንት አኩርፎኛል።»

በዚህ ጊዜ ሼድሊ ልጅቷ የማንም መልእክተኛ እንዳልሆነች አመነ። ሰው ሊያሳምነን ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ‹ምን ሊያተርፍ ነው?› ብለን ነው፤ ትርፍ ያጣንለት ቀን ጆሯችን ይከፈታል።

«ስሚ ልጄ፣ ሁለቱም አይረቡም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እያልኩ ስንት ዓመት የራሴን ሰይጣን መረጥኩ። አሁን በቃኝ።»

«እርስዎ ፕሬዚዳንት የሚመርጡት እኮ ለልጅዎ ባል እንደሚመርጡ ነው። ዘር ማንዘሩን ጠይቀው፣ እስከ ዕለተ ሞት። እኔ ግን የዚህን መርከብ ነጂ እንደምመርጥ ነው። ለአንድ ጉዞ። አላደርስ ካለ ለሚቀጥለው እናወርደዋለን። ሁለቱም ካስጠሉዎት ደግሞ ወረቀቱን ባዶውን ይክተቱት። ባዶ ወረቀት እንኳ ተቆጥሮ ይጻፋል፤ ‹መጥቼ ነበር፤ ሁለታችሁም አልተስማማችሁኝም› ይላል። ቤቱ የቀረውን ግን የሚያነበው የለም። የተናደደውም፣ የታመመውም፣ የሞተውም አንድ ላይ ‹አልመጣም› ነው።»

«የሞተው ጭምር?»

«ስሙ ገና ካልተሰረዘ፣ አዎ።»

ከኋላቸው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጣልቃ ገቡ። «ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ጥሪ ይላክለታል። እኔን ግን ከሲ ሙንሲፍ መኪና በቀር የጠራኝ የለም!»

በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ። ሼድሊም ዋጥ ያደረጋትን ሳቅ አወጣት። ወዲያው ግን ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«አባትሽስ? ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ሊጠብቅ ነው፣ አይደል?»

ራውዳ መለሰች፦ «አይሄድም። እሱም ምሏል።»

«ታይብ? ስለ ዛላ እንቅልፍ የማይወስደው ታይብ?»

«አሚ፣ የእናንተ መሪዎችና የነሱ መሪዎች እኮ ባለፈው ዓመት ተጣምረው መንግሥት መሥርተው ነበር። ቱኒስ ላይ አንድ ማዕድ ከበው ሲበሉ ጋዜጣ ላይ ወጡ። አባቴ ፎቶውን ሲያይ ምን እንዳለ ልንገርዎት? ‹እነሱ ታርቀዋል፤ እኔ ግን የእናቴን ለቅሶ ያለ ወንድሜ ተቀመጥኩ› አለ። ከዚያ ጀምሮ የፓርቲ ስም ሲነሣ ከቤት ይወጣል።»

ሼድሊ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ልጅቷም ከዚህ በላይ አልገፋችም፤ ብልህ መምህር የቱ ላይ ዝም እንደሚባል ያውቃልና።

መርከቡ ወደ ወደቡ ሲቃረብ ሲ ሙንሲፍ ራሱ በሰዉ መሀል እየተጋፋ መጣ። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፤ ለዚህም ለዚያም እጁን ይዘረጋል። ሼድሊ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ሲያይ ፈገግታው ቀነሰ።

«ሼድሊ! መሐላ ቢጤ ሰማሁ። ወሬ ነው፣ አይደል? እሑድ በሁለት ሰዓት መኪና ከደጅህ ይቆማል።»

«አልጠራሁም።»

«እኛ እኮ ሰዎቻችንን ሳይጠሩን ነው የምንደርስላቸው።» ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ግን ድምፁን አልቀነሰም። «የአጥርህ ፈቃድ ጥር ላይ አይደል የሚታደሰው? ወረቀት እንዳይጠፋብህ ብዬ ነው።»

በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ። ሼድሊ ባለፈው ወር ጠራጊዎቹ አጥሩን ሲጎትቱ ጀልባው ላይ ቆሞ ብቻውን እንደጮኸ ትዝ አለው። ያን ጊዜ ይህ ሰው ስልኩን አላነሣለትም። የገመዱን ጥቅል አስቀምጦ ተነሣ።

«ሙንሲፍ፣ አያቴ ያን አጥር ሲተክል ያንተ ፓርቲ አልነበረም፤ አንተም አልነበርክም። ዓሣውና እኛ ግን ነበርን። ጥር ላይ ወረቀቴ ቢጠፋ ማን እንዳጠፋው ይኸው ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል። እሑድ እመጣለሁ! መሐላዬን አፍርሼ እመጣለሁ። በእግሬ ነው የምመጣው፤ መኪናህን ሌላ ጫንባት።»

«መቼም ፋኖስን ነው የምትመርጠው» አለ ሲ ሙንሲፍ፣ ፊቱ ቀልቶ።

«መጋረጃው የተሰቀለው ለዚህ ነው፤ አንተ እንዳታይ።»

«እኔንም ከዝርዝርህ ሰርዘኝ!» አሉ አሮጊቷ። አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ሲ ሙንሲፍ ኮቱን አስተካክሎ ወደ ደረጃው ሄደ።

እሑድ ጠዋት ሼድሊ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ፤ ግን በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ አልሄደም። የወንድሙን በር አንኳኳ።

«ማነው?» አለ ታይብ ከውስጥ።

«የፋኖስ ሰው።»

«ፋኖስ በጠራራ ፀሐይ ምን ይሠራል?»

«ዛላ ያላፈራ ማሳ ይፈልጋል።»

በሩ ተከፈተ። አራት ዓመት ታይብን አስረጅቶታል፤ ጥርሱም ጎድሏል።

«እናታችን ሁለት በር አልነበራትም» አለ ሼድሊ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጫማህን አድርግና እንሂድ።»

«ጥፋቱንስ ብቻህን አትውሰደው፤ ለኔም ይተርፋል።» ታይብ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ግን እኮ ምያለሁ።»

«እኔም ምያለሁ። ኢማሙን ጠየቅኋቸው፤ መሐላውን ያፈረሰ ዐሥር ድሃ ያብላ ነው ያሉኝ። ያንተን ዐሥርና የኔን ዐሥር አንድ ላይ እናበላለን።»

«ማንን ልትመርጥ ነው?»

«አልነግርህም።»

«እኔም አልነግርህም፤ የሰው ጉጉት!»

ሁለቱ ጎን ለጎን በመንደሩ መሀል ሲያልፉ ቡና ቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዱ ቀልደኛ ጮኸ፦ «ሼድሊ! ያቺ ወላሂህ የት ደረሰች?»

«ዐሥር ሳህን ኩስኩስ ሆናለች! ድሃ ከሆንክ ና ብላ፤ ካልሆንክ ተነሥና ተሰለፍ!»

ሳቁ ሳያበቃ ሦስት ሰዎች ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተከተሏቸው፤ ከዚያ አምስት። ሼድሊ ጣቱን ሰማያዊው ቀለም ውስጥ ነክሮ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወረቀቱን አንብቦ አያውቅም ነበር፤ ዓይኑ ፋኖሱን ፈልጎ ምልክት ያደርግና ይወጣል። ያን ቀን ግን ሁለቱንም ስም አነበበ። ቆሞ አሰበ። ውጭ ያለው አስመራጭ ‹አባቴ፣ ደህና ነዎት?› እስኪለው ድረስ ቆየ። ማንን እንደመረጠ ለማንም አልተናገረም፤ እኛም አንናገርበትም።

ይህን ያህል ግን ይታወቃል፤ የመረጠው ሰው ተሸነፈ። ማታ ውጤቱን ሲሰማ «ምን ይደረግ፤ ለአንድ ጉዞ ነው» ብሎ ተኛ። በጣቢያው የመጣው መራጭ ሰባት መቶ ዐሥር ደርሶ ነበር። የሲ ሙንሲፍ ሁለት መቶዎችም ሁለት መቶ አልሞሉም።

የመሐላው ግብዣ በታይብ ግቢ ተዘጋጀ። በዚያ ዓመት በከርከና ድሃ ፈልጎ ማግኘት አይቸግርም፤ ሃያዎቹም አጥራቸው የተጎተተባቸው ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ከፋኖስም፣ ከዛላም፣ ከየትኛውም ያልሆኑ። ከበሉ በኋላ ማንም ሳያቅድ ጨዋታው ወደ ጠራጊዎቹ ዞረ። ራውዳ ብዕር አመጣች፤ እነሱ እየተናገሩ እሷ ለባለሥልጣናት የሚላክ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ላይ በሳምንት ውስጥ ስድሳ ሦስት ሰው ፈረመ።

እንግዲህ የተገኘውን ጥቅም ሳናጋንን እንናገር። ጥር ላይ ፈቃድ ሊያሳድሱ ወደ ቢሮ የሄዱት አርባ ሆነው ነው፤ የአንዳቸውም ወረቀት አልጠፋም። ‹ይህ መንደር የኛ ነው› ይሉ የነበሩት ሁለቱም ፓርቲዎች መንደሩ የማን እንደሆነ እርግጠኛ መሆን ስላቃታቸው፣ ሰዎቻቸውን ልከው ማዳመጥ ጀመሩ። ለዓመታት ሲለመን የኖረው የጥበቃ ጀልባ ለማጥመጃው ወራት መጣ። ጠራጊዎቹ ጨርሰው ጠፉ ማለት አይደለም፤ በቀን ግን አይደፍሩም። ድምፁን ለፓርቲው በውርስ የሰጠ ሕዝብ ማንም አይለማመጠውም፤ ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠውንም ማንም አይፈራውም። የሚፈሩት መጥቶ፣ አንብቦ፣ አስቦ የሚመርጠውን ነው።

በጸደይ ሁለቱ ወንድማማቾች የተጎተተውን አጥር መልሰው ሊተክሉ አብረው ባሕር ገቡ። ውሃው እስከ ወገባቸው ነው። ሼድሊ ዝንጣፊውን ይይዛል፤ ታይብ ይመታል። ስለ አዲሱ ፕሬዚዳንት ገና ከጠዋቱ ተጣልተዋል፤ አንዱ ‹ጊዜ ስጠው› ይላል፣ ሌላው ‹ስንት ጊዜ!› ይላል። ድምፃቸው እስከ ዳርቻው ይሰማል። እስከ ቀትር አንድም ቃል አልተስማሙም፤ ሰማንያ ዝንጣፊ ግን ተክለው ነበር።