መብራት የማይፈልገው ድራፍት

ከካዛንቺስ ወደ ጎተራ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከጎኔ አንዲት እናትና የተጠቀለለ የብረት ቱቦ ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወጣት ተቀምጠዋል። ወሬውን የጀመሩት እናትየዋ ናቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«የድራፍት ቱቦ ነው እማማ። ተንቀሳቃሽ ባር አለኝ፤ በጋሪ የሚገፋ።»

«መብራት ከየት ታመጣለህ?»

«አያስፈልገውም። ቱቦውን በረዶ ውስጥ እቀብረዋለሁ፣ የሲሊንደሩ ጋዝ ቢራውን በቱቦው ውስጥ ይገፋዋል፣ በቃ፣ ቀዝቅዞ ይወጣል።»

«ጉድ ነው! እኔ ካዛንቺስ ድራፍት ቤት ነበረኝ። መብራት ሲጠፋ ድራፍቱ ይሞቅብኝ ነበር።»

«ያኔ ደንበኛ ጥሎ ይሄድ ነበራ!»

«የት ይሄዳል? ሻማ አበራለሁ፣ መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። አንተ ጋ የት ነው የሚቀመጡት?»

«ቆመው ነው የሚጠጡት። ማለቴ፣ እኔም አንድ ቦታ አልቆይም። ዛሬ ሰርግ፣ ነገ ባዛር ነኝ።»

«ታዲያ ሰው ሲቀር በምን ታውቃለህ?»

«ማን ሲቀር?»

«ደንበኛህ ነዋ! እኔ ቤት ጥግ ላይ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ቀን ከቀሩ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አያቸዋለሁ።»

ወጣቱ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አሁን የት ናቸው?»

«እንጃ። ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸውም ተነሱ፣ እኔም ተነሳሁ።»

«ደውለው አይጠይቋቸውም?»

«ስልካቸውን አልያዝኩማ። በየቀኑ ይመጡ የለ፣ ስልክ ምን ያደርግልኛል ብዬ።»

እኔ ስልኬን አውጥቼ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ሳይ መውረጃዬን አለፍኩ።