አምስት ጥይት፣ አንድ ቀዳዳ

ጋምቤላ ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ሷሊህ ይመር
ዕድሜ፦ 71 (ምስክሩ በግምት የተናገሩት)
ሥራ፦ ገበሬ፤ በከተማው የኢላማ ተኩስ ክበብ ደግሞ ኢላማ ሰቃይ
አድራሻ፦ አቦቦ ወረዳ፣ የሰፈራ መንደር
ከተጠርጣሪዋ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ አያት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ የካቲት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ኦቻንግ ኦጅዋክ

ተጠርጣሪዋ ፍርዶስ እንድሪስ የልጄ ልጅ በመሆኗ መመስከር ካልፈለግሁ መተው እንደምችል ሃምሳ አለቃ ኦቻንግ ነግሮኛል። እኔም ሳትጽፍልኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም ብዬ በገዛ ፈቃዴ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

የተጠረጠረችበት ነገር ተነብቦልኛል። ትናንት ሐሙስ በባሮ ዳርቻ በሚገኘው የተኩስ ሜዳ የአገር አቀፉን የኢላማ ተኳሾች ማኅበር ሰሌዳ ሆን ብላ በጥይት መታች፤ ከተሰጧት አምስት ጥይቶች አንዱ ሰሌዳውን ሲመታ አራቱን ሰው ወደሚታጠብበትና ዓሣ ወደሚጠመድበት ወንዝ ለቀቀች የሚል ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ውሸት ነው። በቦታው ስለነበርሁ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ፍርዶስ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ ነበረች። ከበቆሏችን ላይ ዝንጀሮ በወንጭፍ ስታባርር አደገች። ድንጋዩ የትኛው ዝንጀሮ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድማ ትነግረኝ ነበር፤ ዝንጀሮውም ሳይሰማት አይቀርም፣ ቀድሞ ይሮጣል። የክበቡ ሊቀመንበር መምህር ሉል ይህን አይቶ አባል አደረጋት። የክበቡ ሁለት ጠመንጃዎች የሚያድሩት በዚሁ ጣቢያ ግምጃ ቤት ሲሆን፣ ጥይት ቆጥሮ የሚያስረክበን አሁን ቃሌን የሚጽፈው ሃምሳ አለቃ ነው። እሱም አባል ነው። ባለፈው ዓመት ኢላማውን ትቶ የማንጎውን ዛፍ መትቶ ፍሬ አውርዶልናል። "አባባ ሷሊህ፣ ይሄ እኮ ለፋይል አይሆንም" ብሎኝ ነበር፤ እውነት ከሆነ ይጻፍ ብዬ አስጽፌዋለሁ።

እኛ አዲስ አበባ ሄደን መወዳደር አንችልም። እዚሁ እንተኩሳለን፤ የተበሳው ካርቶን ተፈርሞበት በአውሮፕላን ለማኅበሩ ይላካል፤ እነሱ ቆጥረው ነጥብ ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ነጥባችንን ለኢሉባቦር ዋና ከተማ ለመቱ ሰጡት። ክልል ሆነናል ብለን ብንጽፍላቸው፣ በማኅበሩ ዘንድ ጋምቤላ የኢሉባቦር አውራጃ ናት የሚል መልስ መጣ። መንግሥት ተለውጦ፣ ምክር ቤቱ ተቀምጦ፣ ባንዲራው ተሰቅሎ፣ የእኛ ነጥብ ብቻ ኢሉባቦር ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ጥይት ላኩልን፤ ጠመንጃችን ውስጥ አልገባ አለ። መልሰን ብንልክላቸው የተሰጣችሁን አልተጠቀማችሁም ብለው ወቀሱን። የሰጡት የማይገባ፣ የመለስነው የማይወጣ ሆነብን።

አምና ፍርዶስ አምስቱንም ጥይት በአንድ ቀዳዳ አሳለፈች። ካርቶኑን የሰቀልሁትም ያወረድሁትም እኔ ነኝ። ቀዳዳው ትንሿን ጣቴን አያስገባም ነበር። ማኅበሩ ግን "አንድ መታች፣ አራት ሳተች" ብሎ ከአገሩ ተኳሽ ሁሉ መጨረሻ አደረጋት። መምህር ሉል ሁለት ጊዜ አቤት ብሎ ጻፈ፤ መልስ የለም። ያን ቀን ላስቃት ብዬ፣ ምነው ትንሽ ብትስቺ ኖሮ አምስት ይቆጠርልሽ ነበር አልኋት። "አባባ፣ መሳት ነው የምትመክረኝ?" አለችኝ። እኔ በዕድሜዬ በቀልዴ ያፈርሁት ያን ጊዜ ነው።

የማኅበሩ ተወካይ አቶ አለማየሁ ረቡዕ ዕለት በአውሮፕላን መጡ። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት፣ ከኢላማው ጀርባ ጥይት የሚያቆመው የድሮ የአፈር ክምር በደንቡ መሠረት አቅጣጫው ልክ አይደለም፣ በሌላ ቦታ አዲስ ሥሩ የሚል ትእዛዝ ደርሶን ነበር። በዚህ የየካቲት ፀሐይ አገሬውም ሰፋሪውም አፈር ተሸክመን አዲስ ክምር ሠራን። በዚያ ክምር ላይ ከትናንት በፊት አንዲት ጥይት አላረፈችበትም። ይህ በደንብ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ሐሙስ ጠዋት አቶ አለማየሁ ያመጡትን ሰሌዳ አዲሱ ክምር ፊት አስተክለው አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሡ። ሰሌዳው ላይ የማኅበሩ ምልክት አለ፤ ክብ በክብ ውስጥ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ነው። ከፎቶው በኋላ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሚሪንዳ እየጠጡ ክበባችን መታገዱን ነገሩን። ምክንያቱ ሲጠየቁ ውጤታችን ዝቅተኛ በመሆኑ ነው አሉ። መምህር ሉል ማኅበሩ ነጥብ ሰጥቶ የመለሰልንን የአምናውን የፍርዶስን ካርቶን አንሥቶ፣ ይኸው እዚሁ ናት፣ አንድ ጊዜ ስትተኩስ ይዩዋት ብሎ ለመናቸው።

"እኔ የመጣሁት ሜዳ ለማየት እንጂ ተኳሽ ለማየት አይደለም" አሉ።

እኔም፣ ጌታዬ፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ድንኳኑን እንጂ ሙሽራዋን አላይም ይባላል ወይ አልኋቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው "እኚህ ሽማግሌ ደግሞ ምንድን ናቸው?" ብለው ጠየቁ። ቀዳዳ ሰቃይ ነኝ አልኋቸው። ሚሪንዳቸውን እንደያዙ ተነሥተው ወደ መኪናቸው መሄድ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ሁላችንም ከተኩሱ መስመር ኋላ ነበርን፤ ተኩስ እንዳለ የሚያሳየው ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ከፊት ሰው አልነበረም። ፍርዶስ ለማሳያ የተሰጧትን አምስት ጥይቶች ይዛ ከመስመሩ ላይ በሆዷ ተኛች። ካርቶን ስቀልልኝ እስክትለኝ ጠበቅሁ፤ አላለችኝም። እያረፈች አምስቱንም ተኮሰች። አቶ አለማየሁ በመጀመሪያው ተኩስ ደንግጠው ሚሪንዳውን ሸሚዛቸው ላይ አፈሰሱና የተመቱ መስሏቸው ደረታቸውን ዳበሱ። ጠመንጃው ወደ እሳቸው አልዞረም።

ሄጄ ሳይ ሰሌዳው በጥቁሩ ነጥብ ላይ ተበስቷል። አንድ ቀዳዳ ነው፤ ጠርዙ ብቻ ትንሽ የተቀረጠፈ ነው። አቶ አለማየሁ ተከትለውኝ መጥተው አዩትና "አንድ! አራቱ የት ሄዱ? ወንዙ ላይ ሰው አለ!" እያሉ ጮኹ። ፖሊስ አስጠሩ። ፍርዶስ በሃምሳ አለቃ ኦቻንግ ስትያዝ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አልሳትሁም" አለች።

ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃው፣ አቶ አለማየሁና እኔ ባለንበት ከሰሌዳው ጀርባ ያለው አፈር በዶማ ተቆፍሮ አምስት የጥይት እርሳስ ወጣ። ሁለቱ ተላትመው ተጣብቀዋል። ይህን ስናገር ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ናቸው። አቶ አለማየሁ መጀመሪያ የድሮ እርሳስ ይሆናል አሉ፤ ክምሩን አዲስ ያሠሩት ራሳቸው እንደሆኑ ሲነገራቸው ይህን ቃላቸውን ተዉ። ሃምሳ አለቃው በትሕትና፣ እንግዲያው አቤቱታዎን ያስተካክሉልን፣ ወደ ወንዙ የሄደ ጥይት የለም አላቸው።

"ማኅበሩ የሚቆጥረው ቀዳዳ ነው እንጂ እርሳስ አይደለም" ብለው መለሱ።

ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። እዚህ አምስት ብለው ከፈረሙ አምና አንድ ያሉት አምስት ሊሆን ነው። ከዚያ ይልቅ ልጅቷ በወንዝ ዳር ሰው ላይ ተኮሰች ተብላ ብትታሰር ቀለላቸው። ዛሬ ጠዋት አቤቱታቸውን ሳያስተካክሉ በአውሮፕላን ሄደዋል። ሚሪንዳ የፈሰሰበትን ሸሚዝ እንኳ ለውጠዋል።

ለልጅቷ የሚያዝኑ ሰዎች፣ ምላጩ አምልጧት ነው፣ ሳታስበው ነው ብለው ይመስክሩና ቶሎ ትፈታ ብለው መክረውኛል። ትናንት ማታ ራት ሳቀብላት እሷም ይህን ምክር ሰምታ ኖሮ "አባባ፣ ስታለች ብለህ እንዳታስፈታኝ" አለችኝ። ሰሃኑንም ሳትነካ መለሰችልኝ። ቤት ብትሆን በሠላሳ ቀልድ አበላት ነበር፤ እዚያ በር ላይ ቆሜ አንድም አልመጣልኝም።

ስለዚህ አምልጧት አይደለም። ሰሌዳውን አስባና አልማ መትታለች። ለዚህ ቅጣት ካለው ትቀጣ፤ ሰሌዳውንም እንጠግናለን። ወንዙ ላይ ግን አልተኮሰችም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰሌዳውን በመምታት ስትከሷት በአምስቱም ጥይት ክሰሱልኝ። አንዷን እንኳ እንዳትምሯት። በዚህ አገር አንድ መሥሪያ ቤት እንኳ አምስት ብሎ ይጻፍላት።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የማንጎው ነገርም ሳይዘለል ተነብቧል። ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልጨመርሁም፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ አሻራዬን አኑሬበታለሁ።

የምስክሩ የአውራ ጣት አሻራ፦ ________

የቃል ተቀባዩ ማረጋገጫ፦ ከላይ የሚታየው አሻራ ሲያዩት አንድ ቢመስልም፣ ምስክሩ ጣታቸውን በዚያው በአንዱ ቦታ ላይ እየደጋገሙ አምስት ጊዜ ያሳረፉ መሆናቸውን አጠገባቸው ቆሜ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ።

ሃምሳ አለቃ ኦቻንግ ኦጅዋክ
ፊርማ፦ ________