ተወግቶ የረሳ

(ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ፤ በዶክተር ሽመክት የግል ክሊኒክ የምርመራ ክፍል ውስጥ ዶክተሩና የቀድሞው የእድር ዳኛ የአቶ አሰግድ ልጅ ትብለጥ ይነጋገራሉ፤ ከመጋረጃው ማዶ የእድሩ ሰዎች ስለ ዶክተሩ አዲስ መርፌ ምስክርነት ሊሰሙ ተሰብስበዋል።)

ሽመክት፦ ሁለት ቃል ነው የምልሽ! «አባቴ ተሽሎታል» ትያቸዋለሽ፤ አለቀ።

ትብለጥ፦ ተሽሎታል? ትናንት «እህቴ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ እኮ ዶክተር። የወለደኝን ሰው የማን ልጅ ነኝ ልበለው?

ሽመክት፦ የወጋኋቸው ስቴም ሴል፣ የተጎዳ አካል የሚተካ ሕዋስ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። የተዘጋውን የአንጎል ደም ሥር ያድሳል፤ የጠፋው ትዝታም ይመለሳል። አንቺ ትዕግሥት የለሽም።

ትብለጥ፦ በሰው አገር ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና እየሞከሩት ነው፤ ማንም «ያድናል» ብሎ አልማለም። እርስዎን ምን አስቸኮለዎት?

ሽመክት፦ ወይ ጉድ! ስልክ ላይ አንብበሽ ሐኪም ሆንሽ?

ትብለጥ፦ አልሆንኩም። እርስዎን ሳይ ደግሞ እንኳን አልሆንኩ እላለሁ።

ሽመክት፦ ምላስሽን ሰብስቢ! አባትሽ ለእኔም አባቴ ናቸው።

ትብለጥ፦ አይ አባት! የአንተ አባት የሞቱ ቀን ድንኳን ያስተከለው፣ ደረትህን ስትደቃ ደግፎ የያዘህ እሱ ነው። ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው፤ አንተ በተወለድክበት ሰፈር!

ሽመክት፦ «አንተ» አልሽኝ?

ትብለጥ፦ አልኩህ! «የግፊት ኪኒኑን ይተዉ፣ መርፌው ይበቃዎታል» አልከው። አመነህ፣ ተወ። ወሩ ሳይሞላ አፉ ተጣመመ፤ ስሜም ጠፋበት። ዛሬ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ኪኒን ልታስጥል ነው።

ሽመክት፦ የእግዜር ሥራ ነው። እርሺው።

ትብለጥ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል ነበር። የኔ አባት ተወግቶም ረሳ። እኔ ላስታውስለት መጣሁ።

ሽመክት፦ ሰው እየጠበቀ ነው። ትመሰክሪያለሽ አትመሰክሪም?

ትብለጥ፦ እመሰክራለሁ እንጂ! ግን የእድሩን ደንብ ታውቃለህ፤ በጎ ነገር ሲመጣ ከታላቅ ይጀመራል።

ሽመክት፦ ይጀመራ! ታላቁ ማነው?

ትብለጥ፦ እትዬ ጥሩነሽ።

ሽመክት፦ የትኛዋ ጥሩነሽ?

ትብለጥ፦ የወለዱህ።

ሽመክት፦ እማዬ? እማዬ ቤት ናት!

ትብለጥ፦ በባጃጅ አመጣኋቸው። ፊት ወንበር ላይ ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። እሳቸውም መርሳት ጀምረዋል አይደል? «ልጄ አገሩን ሁሉ ሲወጋ እኔን ምነው ዘለለኝ» ብለው ሲያለቅሱ ነው ያገኘኋቸው።

ሽመክት፦ አሁኑኑ መልሻት!

ትብለጥ፦ ሰፈሩ ሁሉ እያየ? «መርፌ የሚወጋ ኪኒን ይተው» የሚለውን ደንብህንም አስረድቻቸዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ኪኒናቸውን አልዋጡም።

ሽመክት፦ አብደሻል?! እሷ ኪኒኗን ካቋረጠች ሌላ ደም ሥር ይዘጋባታል! ትሞትብኛለች!

ትብለጥ፦ አባቴስ?

ሽመክት፦ ኪኒኗ የታለ? ኪኒኗን አምጪ!

ትብለጥ፦ እንካ፣ ኪኒናቸው ይኸው፤ ውሃም ይዤልሃለሁ። ምስክር ፈልገህ አልነበር? በል፣ መጋረጃውን ልክፈትልህ፤ ሰው ሁሉ እያየ በገዛ እጅህ አጉርሳቸው።