ሳይዘጋ የተዘጋው የዊልቸር መጠገኛ

የአማቴን ባዶ ዊልቸር ሽቅብ እየገፋሁ ስሄድ ያየኝ ሁሉ ተቀማጯን በዓይኑ ይፈልግ ነበር። አንድ የሱቅ ጠባቂማ ቁልቁል መንገዱን ቃኝቶ «ኧረ ወንድሜ፣ ጥለሃቸው እንዳይሆን» አለኝ። አማቴ እቤታቸው በደኅና ተቀምጠዋል። ደኅና ያልሆነው የቀኝ ጎማው ኩሽኔታ ነው፤ በየዙሩ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

መታጠፊያው ላይ ቱታ የለበሱ አንድ አዛውንት ከብረት በር ሥር ቆመው ጩኸቱን ያዳምጣሉ። በጥርሳቸው ብሎን ነክሰዋል።

«ወዴት ነው የሚወስዱት?» አሉኝ፣ ብሎኑን ሳያወጡ።

«ከድልድዩ ማዶ መጠገኛ አለ ብለውኝ።»

«እዚህ እያለ ምን ያደክምዎታል?»

«እዚህ የነበረውማ ተዘግቷል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ስልኬን ጠይቄው ነው።»

ብሎኑን አወጡ። «እኔ የዚህ ቤት ባለቤት ነኝ፤ መዘጋቴን ገና ከእርስዎ መስማቴ ነው። ለመሆኑ ከተዘጋሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ?»

«ሦስት ዓመት ይላል።»

«ታዲያ መርዶው እስከ ዛሬ እንዴት ሳይነገረኝ ቀረ!» አሉና ዊልቸሩን ከእጄ ተቀብለው ወደ ውስጥ ገፉት።

ሰፈሩ ጋሽ ብሎን ይላቸዋል። አርባ ዓመት ዊልቸር ጠግነዋል። ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው፤ ከጣሪያው ጎማ ተንጠልጥሏል፣ ግድግዳው ላይ ካቻቢቴዎች እንደ ቁመታቸው ተሰልፈዋል። የዚያን ዕለት ግን ግማሹ ግድግዳ ባዶ ነበር፤ ዕቃው ካርቶን ውስጥ እየገባ ነው። የእህታቸው ልጅ ካርቶኖቹ መሐል ተቀምጣ በእያንዳንዱ ላይ ምን እንዳለበት ትጽፋለች። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ስሙ ያልተጻፈበት ነገር ሲታሸግ ማየት አይሆንላትም። ነገሩን ሳልጠይቅ ከንግግራቸው ተረዳሁት፦ ደንበኛ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጋሽ ብሎን በወሩ መጨረሻ ቤቱን ለአንድ የሴራሚክ ነጋዴ ሊያስረክቡ ቃል ሰጥተዋል፤ ጥግ ላይ የሚበይደው ባልደረባቸውም ከዚያ በኋላ የሚገባበት የለውም።

«ስሚ አንቺ» አሏት፣ «እኚህ ሰው እንደሚሉት ከሆነ ሦስት ዓመት የለፋነው በመንፈስ ነው።»

ልጅቱ ብዕሯን አስቀመጠች። ስልኬን ምን ብዬ እንደጠየቅኩት ጠየቀችኝ፤ «አጠገቤ ዊልቸር የሚጠግን ማን አለ» ማለቴን ነገርኳት። በራሷ ስልክ ደገመችው። ያው መልስ መጣ፦ ቤቱ በካርታ ላይ አለ፣ ግን ለጣሪያ እድሳት ተዘግቷል፣ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ይሞክሩ።

ጋሽ ብሎን ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው በቦታው ነበር።

«ጋሼ፣ የቤቱን ድረ ገጽ ማን ነው የሠራልዎ?»

«የሠርግ ፎቶ አንሺው ጎረቤታችን ነዋ። አየሽው አይደል? ወርቅ ነው የሚመስለው!»

እውነትም ወርቅ ይመስላል። ስምንት ትልልቅ ሥዕሎች ተደራርበዋል፤ የቤቱ ስም፣ ሥራው፣ ስልክ ቁጥሩ ሁሉ በሥዕሎቹ ውስጥ በተጠማዘዘ ወርቃማ ፊደል ተጽፏል። ከላይ አንድ ዊልቸር በደመና መሐል ቀስ ብሎ ያልፋል። እሱም እኔ እንደገፋሁት ባዶ ነው።

«ያምራል» አለች፣ «ጽሑፍ ግን የለውም።»

«ዓይንሽን ምን ነካው? ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ነው!»

«የጽሑፍ ሥዕል ነው ጋሼ። ዛሬ ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ ገጽ ለገጽ እየከፈተ አይደክምም፤ ኤአይ የሚባለውን ይጠይቃል። ኤአዩ ደግሞ ድረ ገጽ ለድረ ገጽ እየዞሩ የሚያነቡለት ፕሮግራሞች አሉት። አብዛኞቹ የሚለቅሙት በፊደልነት የተቀመጠውን ነው፤ ሥዕሉን ዘለው ያልፋሉ።»

«እንግዲህ አንባቢው ሰነፍ ከሆነ እኔ ምን ቤት ነኝ? ደንበኛዬ ሰው ነው። ማሽን የጎማ ከመነዳሪ አይፈነዳበትም።»

«እኚህ ሰውስ ማሽን ናቸው?» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። «ጎማው ባይጮህ ኖሮ በደጅዎ አልፈው ማዶ ተሻግረው ነበር።»

ማስረጃ ሆኜ ማገልገሌ ደስ አለኝ፤ ተቀመጥ ያለኝ ግን አልነበረም። ጋሽ ብሎን አፋቸው እየተከራከረ እጃቸው የአማቴን ጎማ ፈትቶ ጨርሷል።

«ደግሞ ኤአዩን ሌባ ነው ይሉታል» አሉ። «የሰው ሙያ አንብቦ ለዓለም ያድላል። እኔን ብትሰሚኝ ጨርሰሽ ቆልፊበት።»

«መቆለፉ ይቻላል። ድረ ገጽ በሩ ላይ የምትቀመጥ አጭር ማስታወሻ አለችው፤ ለአንባቢ ፕሮግራሞች የትኛው ክፍል እንደሚገባ፣ የትኛው እንደማይገባ ትናገራለች። ጨዋው ያከብራታል፣ ባለጌው አያከብራትም። ስለዚህ ምስጢር የሆነ ነገር መጀመሪያውኑ አደባባይ አይወጣም። ግን ጋሼ፣ ስልክ ቁጥርዎ ምስጢር ነው? የሚከፍቱበት ሰዓት ምስጢር ነው? የቆጡን አወርድ ብለው የብብትዎን እንዳይጥሉ።»

«አንቺ ደግሞ ተረት ከየት ተማርሽ? መጽሐፍ ቆጠራ ብቻ የምትችዪ መስሎኝ።»

«ከእርስዎ ነዋ።»

ጋሽ ብሎን ይህን ትተው ሌላ ጥያቄ አነሡ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር።

«እሺ፤ ጽሑፍ የለም ካልሽኝ፣ መዘጋቴን ከየት አነበበው? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ነገር ነው። ከራሱ ፈጥሮ ነው!»

«አንዳንዴ ይፈጥራል፤ አልክድም። ያሁኑን ግን አብረን እንስማው።» ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ይኼ ፕሮግራም ማየት የተሳናቸው ሰዎች ገጽ የሚያስነብቡበት ነው። እሱም የሚያገኘው ፊደሉን ነው። እስኪ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«በሥራ ሰዓት?»

«በሥራ ሰዓት።»

ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩ፤ ማንም ባያዘኝም።

ስልኩ በደረቅ ድምፅ ጀመረ፦ «ምስል። ምስል። ምስል።» ስምንት ጊዜ አለ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ፦ «ለጣሪያ እድሳት ላልተወሰነ ጊዜ ዘግተናል። ለሚደርስብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» ከዚያ ዝም አለ። ከማስታወቂያው ቀን በቀር ሌላ የሚያነበው አልነበረም፤ ቀኑም የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።

በያጁ መበየዱን አቆመ።

«ይኼ እኮ የለም» አሉ ጋሽ ብሎን ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። «ጣሪያው ያለቀ ዕለት አጥፍቼዋለሁ። ፎቶ አንሺውን ጠርቼ ነግሬዋለሁ።»

«ምን አሉት?»

«ቀለም ቀባበት አልኩት።»

«ምን ቀለም?»

«ነጭ።»

«መደቡስ ምንድን ነው?»

ዓይናቸውን ከፈቱ። «ነጭ።»

ፎቶ አንሺው የታዘዘውን ፈጽሟል። ፊደሉን ነጭ አድርጎታል፤ ፊደሉ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ዓይን ያለው ሰው አያየውም፤ ቀለም የማይገባው አንባቢ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ያገኘው ቃል እሱን ብቻ ነበር፤ ለጠየቀውም ሁሉ ሳያጓድል ተናግሯል።

«ጋሼ» አለች ልጅቱ ዝግ ብላ፣ «የዛገ ወንበር ሲመጣልዎ ዝገቱ ላይ ቀለም ይቀባሉ?»

«እኔ?» አሉ ተቆጥተው። «ሳልፍቅ? ይኸው በያጁ አለ፣ ጠይቂው!»

«አንድ ወንበር ሁለቴ አስፍቀውኛል» አለ በያጁ። ቅሬታው ገና አልወጣለትም።

ጋሽ ብሎን በያጁን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ ከዚያ ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«አለባብሰው ቢያርሱ…» አሉ፤ ቀሪውን ለራሳቸው ተዉት። ቆይተው ደግሞ፣ «እሺ፣ ምን ይሻላል?»

«ነገርን ከሥሩ። መጀመሪያ ይፋቃል። ከዚያ ሥራዎን በቃልዎ ይንገሩኝ፣ እኔ በፊደል ልጻፈው። ወርቁም ባለበት ይቆይ፤ በየሥዕሉ ላይ ምን እንዳለ ግን ለማያየው ይጻፍለት።»

«ዊልቸር እንጠግናለን» አሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ?»

«ይኼ ጎማ እስኪያልቅ የእኚህ ሰው አማት ምን ላይ ሊቀመጡ ነው?»

«ትርፍ ወንበር እልክላቸዋለኋ! ሴትዮዋን መሬት ላስቀምጣቸው ነው?»

«ትርፍ ወንበር እንደሚያውሱ የት ተጽፏል?»

«ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም ማለት ማን ነው?»

ጋሽ ብሎን ዙሪያውን ቃኙ። በያጁ ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማስቆሙ ነበር የቸገረው። ሕፃን ሲያድግ መቀመጫውን እንደሚያሰፉ፣ ግራ እጅ ለሚቀለው ፍሬኑን ወደ ግራ እንደሚያዞሩ፣ መምጣት ለማይችል ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው እንደሚሠሩ፣ የፊት ትንሿን ጎማ ባለቤቱ ጠብቆ ሳይሰለች እንደሚለውጡ ተናገሩ። እሷ ትጽፋለች። ለጠባብ በር ብለው ራሳቸው የፈጠሩት አክስል፣ የጎማ ዘንግ፣ አለ፤ «እሱ መኖሩን ጻፊ፣ አሠራሩን ተዪው» አሉ። ፎቶ አንሺው ወርቅ የቀባውን «በዓለም አንደኛ» የሚለውን ግን ራሳቸው አስወጡት። «ዓለምን መቼ አየሁት?» አሉ።

ጋሽ ብሎን የሴራሚክ ነጋዴውን አንድ ወር እንዲታገሳቸው ለመኑት። ወዲያው የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ አንባቢዎቹ የሚዞሩት በራሳቸው ጊዜ ነው። አንዱ ኤአይ በሁለተኛው ሳምንት «ክፍት ነው» ማለት ጀመረ፤ ሌላው ዘግይቶ፣ አንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ ያመነታል። ቢሆንም በሦስተኛው ሳምንት ሰው መምጣት ጀመረ። ማየት የተሳነው አንድ የስልክ ኦፕሬተር የእናቱን ወንበር ይዞ መጣ፤ ገጹን በጆሮው ሰምቶ፣ ሰዓቱን ሳይስት። የእህታቸው ልጅ ያስረዳችኝ ይኼን ነው፦ ለማሽኑ ብለው ያስተካከሉት ለማያየው ሰውም፣ ኢንተርኔቱ ለሚንቀራፈፍበትም፣ ለሚቸኩልም ያገለግላል። በድረ ገጽ የሚነግድ ሁሉ አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ቤት ቢያዳምጥ፣ አሮጌውን ከሥሩ ቢፍቅ፣ ሥራውን በተራ ቃል ቢጽፍ፣ የማይፈልገውን ደግሞ ከአደባባይ ቢያስቀር፣ ስለ እሱ የሚናገረው የራሱ ቃል ይሆናል። ካልጻፈ ግን ስለ እሱ የሚናገር አይጠፋም።

ወሩ ሊሞላ ሲል፣ የተዋስኩትን ወንበር ዘግይቼ ልመልስ የሄድኩ ዕለት፣ አንዲት ሴት በቢሮ ወንበር ተቀምጣ ስትገባ አየሁ። እህቷ ከኋላ ትገፋታለች፤ ትንንሾቹ ጎማዎች በየድንጋዩ ይደናቀፋሉ። ዊልቸሯ ተጣጥፎ ጭኗ ላይ ነው።

«ሃያ ስድስት ቀን!» አለች ሰላምታ ሳትሰጥ። «ሃያ ስድስት ቀን በዚህ ነው ከመኝታ ቤት ሳሎን የምሄደው። ሁለት ቤት አልፋችሁ ተቀምጣችሁ ዘግተናል ትላላችሁ? ሰው አይደለንም?»

በያጁ ማስረዳት ሲጀምር ጋሽ ብሎን በእጃቸው ዝም አሰኙት። ስለ ፎቶ አንሺው አላነሡም፤ ስለ ማሽንም አላነሡም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እመቤቴ» አሉና ተንበረከኩ።

ጎማውን ይዘው ሳሉ ነጋዴው ደወለ። የእህታቸው ልጅ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። «ወንድሜ፣ ሌላ ቤት ፈልግ» አሉት። «አይ፣ ዋጋው አይደለም። ሰው መጥቶብኛል።» በያጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አንድ ካርቶን መፍታት ጀመረ።

ሴትዮዋ በራሷ ዊልቸር እየተሽከረከረች እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች፤ ዳግም ሄደች። ከዚያ ቁጣዋ ትንሽ በረድ ብሎ፣ «ቅዳሜስ ትሠራላችሁ? እህቴ የምታርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው» አለች።

ጋሽ ብሎን በአርባ ዓመት ውስጥ ቅዳሜ ሠርተው አያውቁም። በያጁን ተመለከቱት፤ ትከሻውን ነቀነቀ።

«እንሠራለን» አሉ። ወደ እህታቸው ልጅ ዞረውም፣ «ጻፊው።»