ፋኖሱ ሲወድቅ
በደርግ ጊዜ ሞጣ አስተማሪ ሳለሁ ነው። የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ የፊንላንድ መሐንዲስ ባገሩ ድሮ የተሠራ፣ ድምፅ የሌለው የወንጀል ፊልም ነበረው። ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደን ለከተማው ሰው አሳየን። እሱ በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፣ እኔ ለሰዉ በአማርኛ እተርካለሁ። በበረዶ የተሸፈነ መንደር ነው። በርስት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ጎተራ ውስጥ ይገናኛሉ። ፋኖሱ ይወድቅና ሁሉም ነገር ይጨልማል። ብርሃን ሲመለስ አንደኛው ሞቷል፣ ሌላው በሩ ላይ ቆሟል። ፊልሙ እዚያ ላይ ተቋረጠ። መሐንዲሱ መጨረሻው ገና ድሮ በእሳት እንደጠፋ ነገረን።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ተነሣና «ገዳዩ ታውቋል፣ በቃ» አለ። ያኔ እሱ በቃ ካለ በቃ ነው። በጃንሆይ ዘመን አጥቢያ ዳኛ የነበሩት ግራዝማች ይግዛው ግን ከተቀመጡበት ሆነው «ልጄ፣ እኔ ያየሁት ፋኖስ ሲወድቅ ነው። አንተ እጁን አይተኸዋል?» አሉት። እኔም ሰዉም ለሳቸው ፈራን። ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበና ወደ እኔ ዞሮ «ድገመው በለው» አለኝ። ሲደገም ወንበሩን ወደ ሸራው አስጠግቶ ዓይኑን ሳይነቅል አየ። ሲያልቅም «እውነትም አላየሁም» አለና ሳቀ፤ እኛም እፎይ ብለን ሳቅን። የተባለውን ለመሐንዲሱ ስነግረው «ባገሬም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል» አለኝ ፊቱ በርቶ። ስንወጣ ሊቀመንበሩ የግራዝማችን ክንድ ደግፎ «ታዲያ በሩ ላይ ምን ይሠራ ነበር?» እያለ አብሯቸው ወደ ገበያው ቁልቁል ወረደ።