የጥቁር ቀበቶ ጩኸት

«ዛሬስ ደመና ቢጤ ነው እታለም፤ የታጠበ ልብስ የሚደርቅም አይመስልም» አሉ ሽማግሌው።

የተቀመጡት ከካራቴ አዳራሹ በር ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ከጎናቸው የልጆቹን የልምምድ ልብስ የምትጠግነው ልብስ ሰፊ ተቀምጣለች። የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሿ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ራቅ ብላ፣ ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን ታያለች፤ አሰልጣኙ «አሹፈሽብኛል፣ ይቅርታ ካልጠየቅሽ አትፈተኚም» ብሎ ከቢጫ ቀበቶ ፈተና አስወጥቷታል። በሩ ገርበብ ብሏል። አሰልጣኙ ከበሩ ወዲያ ምንጣፍ እያነጠፈ ነበር። እኚህ ሰውዬ ከሰላምታ በላይ ሲናገሩ ሰምቶ ስለማያውቅ ጆሮውን ጣል አደረገ።

«ጉልበቱ ላይ ነው የተቀደደው? አይ ልጆች... የኔይቱም ድሮ በር የምትከፍተው በእጇ ነበር። አሁን በእግሯ ሆኗል። ድመቷ ጎረቤት ገብታ ቀርታለች። ይሁን፣ ትምህርት ነው።

ግን አስተማሪ ይባረክ! አንድ ሰው አለ... ማን እንደሆነ ምን ያደርግልሻል? ልጅ ማበርታት ያውቅበታል። ‹ህመም የለም! ህመም ሀሳብ ነው! የሚያለቅስ ካለ እናቱ ጋ ይሂድ!› ይላቸዋል አሉ። ጥቁር ቀበቶውን ታጥቆ ደረቱን ሲነፋ ለሌላው የሚተርፍ አየር የለም። ልጆቹማ አብደውለታል፤ ውሃ ሲጠጡ እንኳ አፋቸውን የሚጠርጉት እንደሱ ነው። እንዲህ ያለ ጀግና ከየት ይገኛል?»

አሰልጣኙ ወገቡን ቀና አደረገ። የተመሰገነ መስሎታል።

«ታዲያ በቀደም አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ... የማን ልጅ እንደሆነች እኔ አላውቅም፣ አንቺም እንዳትጠይቂኝ... ‹ምቺኝ! አትፍሪ! እኔ ድንጋይ ነኝ!› ቢላት፣ ቅልጥሙ ላይ አሳረፈችበት። ታዘዘች እንግዲህ! መታዘዝ ጥሩ አይደል? ድንጋዩም... እኔ የምልሽ እታለም፣ ድንጋይ ይጮሃል እንዴ? እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ይኼኛው ግን ‹እማዬ!› አለ። እንዲህ አሳጥሮም አይደለም... ‹እማዬዬዬ!› መስኮቱ ነዘረ አሉ።»

የአሰልጣኙ እጅ ሳያስበው ወደ ቅልጥሙ ሄደ።

«ምን ያስቅሻል? እኔ እንኳ አመሰገንኩት። በዚህ ዘመን በጭንቅ ሰዓት እናቱን የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? የኔዎቹ ስልክ እያላቸው አይደውሉልኝም። እሱ ያለስልክ ጠራት!

ልጆች ደግሞ ምን ያውቃሉ? ‹ያለጩኸት ምት የለም፣ የኔን ጩኸት ያዙ› ያላቸው ራሱ ነው። ተማከሩና፣ ‹ኪያይ› የሚሉት የካራቴ ጩኸት የጀማሪ ነው፣ ‹እማዬ› ግን የጥቁር ቀበቶ ነው፣ ከባዱ ምት ነው አሉ። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ጠዋት ትራሱን ‹እማዬ!›፣ ማታ ሶፋውን ‹እማዬ!›። እናቷ ከጓዳ እየሮጠች ‹ምን ሆንሽ ልጄ?› ስትላት ‹አንቺን አይደለም፣ ካራቴ ነው› ትላታለች። ይኸው አጥንታ አጥንታ እሱ ፊት ብትጮኸው... አሾፈች ተባለች።

ይቅርታ ትጠይቅ ነው የሚባለው። ትጠይቅ እንጂ! ግን ምን ብላ? ‹ይቅርታ፣ አምኜህ ነው› ትበል? ትናንት ቀበቶዋን አጣጥፋ አልጋ ስር ከተተችው። ‹ምነው?› ብላት፣ ‹አባባ፣ የጥቁር ቀበቶን ጩኸት ነጭ ቀበቶ መጮህ የለበትም መሰለኝ። ሳልደርስበት ነው የጮህኩት› አለችኝ። እስካሁን እኮ ትልቅ ጩኸት ነው የሚመስላት... እኔ እንዴት አድርጌ ልንገራት? አንቺ ትነግሪያታለሽ? አየሽ፣ አንቺም አንጀትሽ አይችልም። እሱን ያሳንሰዋላ... ከሷ ፊት እንኳ ትልቅ ይሁን እንጂ።»

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አሰልጣኙ ጆሮው ቲማቲም መስሎ ወጣ። ወደ ሽማግሌው አላየም። ልጅቷን በእጁ ጠራት፤ እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችውና ሮጣ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ‹እማዬ!› የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ሌሎቹም ልጆች ‹እማዬ!› እያሉ ተቀበሏት። አሰልጣኙ ደፉ ላይ ቆሞ ሰማቸው። አላረማቸውም።

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ፤ ፊታቸውን ግን ከልብስ ሰፊዋ አላነሱም።

«እስቲ እንመርቀው እታለም፣ እዚህ ባይኖርም። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ያስተማራቸውን ሁሉ ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት። እናቱንም ያቆይለት... ጆሮዋን ያበርታለት፣ ከሰፈርም አያርቅበት። ዛሬ እሱን እየመቱ የሚፈተኑት ልጆች ብዙ ናቸው።»